ሾፌሩ የማይሰማው ጎማ

የቤይሩቱ ማር ሚካኤል ማታና ጠዋት ሁለት ሰፈር ነው። ማታ የአርሜኒያ ጎዳና በምሽት ቤቶች መብራትና ሙዚቃ ይዋጣል። ጠዋት፣ ያመሹት ገና ሳይነሡ፣ የቀድሞው ሰፈር ብቅ ይላል። ከምሽት ቤቶቹ በፊት እዚህ ጋራዦች፣ ብረት በያጆችና የመኪና ዕቃ ሻጮች ነበሩ። ብዙዎቹን የቤት ኪራይ ገፍቷቸው ሄደዋል፤ የቀሩት ጥቂቶች በየስርቻው በር ላይ ጎማ ደርድረው ይታያሉ።

እሁድ ጠዋት በዚህ ጎዳና አማርኛ ይሰማል። የዕረፍት ቀን የተሰጣቸው ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ነጠላቸውን በቦርሳ ይዘው፣ ሁለት ሦስት ሆነው፣ የቤይሩትን ወንዝ በድልድይ ይሻገራሉ። ማዶ ቡርጅ ሐሙድ ነው፤ በርበሬውም፣ ሽሮውም፣ ጠጉር ሠሪዋም፣ ገንዘብ የሚላክበት ሱቅም እዚያ አለ። በአንዱ እንዲህ ባለ እሁድ፣ በመብራት ኃይል መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ አጠገብ ስናልፍ አንድ ፒካፕ ያረጀ መርሰዲስ በገመድ እየጎተተ መጣ። የፒካፑ ሾፌር ዓይኑ መስታወቱ ላይ ነው፤ ገመዱ እንዳይላላበት ነዳጁን ይመጥናል። የመርሰዲሱ ሰውዬ ከመሪው ጋር ይታገላል፤ ሞተሩ ስለጠፋ መሪውም ፍሬኑም ደርቆበታል። ሁለቱም ያላዩት ነገር ቢኖር የመርሰዲሱን የኋላ ቀኝ ጎማ ነው። ንፋሱ ወጥቶ፣ ከቸርኬው ሊላቀቅ ትንሽ ቀርቶት እየተወዛወዘ ይከተላል። የተቃጠለ ላስቲክ እስከ እግረኛ መንገዱ ይሸታል።

ከፊቴ ከነበሩት ሴቶች አንዷ እጇን እያውለበለበች “ዱላብ! ዱላብ!” ብላ ጎማውን በዓረብኛ ጠራች። ሰውዬው መስኮቱን አውርዶ ምን እንደምትለው እስኪገባው ድረስ ትንሽ መንገድ ተጎተተ። ሲቆሙ ጎማው ጎኑ ተተልትሎ ሽቦው ወጥቷል።

“አሁን ይሄ እንዴት አይሰማውም?” አለች ጓደኛዋ።

ጥያቄው ከዚያ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣም። መልሱ ሰውዬው ግድየለሽ ነው በሚል የሚዘጋ አይደለምና።

ሾፌር ጎማውን የሚያውቀው በዓይኑ አይደለም፤ በመሪው፣ በመቀመጫውና በጆሮው ነው። የፊት ጎማ ንፋስ ሲያጣ መሪው ወደዚያው ጎን ይስባል። የኋላው ሲጎድል መኪናው ኩርባ ላይ ኋላው ይዋልላል። ሌላ መኪና ሲጎትት ግን ይህ ሁሉ ምልክት ገመዱ ላይ ይቋረጣል። ከገመዱ ወዲያ ያለው ጎማ ቢተነፍስ ለጎታቹ የሚደርሰው ትንሽ የመክበድ ስሜት ብቻ ነው፤ እሱንም ዳገት ነው ብሎ ያልፈዋል። ተጎታቹ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ መሪው ስለከበደው የጎማውን ምልክት ከሌላው መንገጫገጭ መለየት ይቸግረዋል።

ጎታቹ በከበደ መጠን ስሜቱ ይጠፋል። ይህ ከሁሉ ጎልቶ የታወቀው ሞተርሆም በሚነዱ ሰዎች ዘንድ ነው። ሞተርሆም አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ የተገጠመለት፣ ትልቁ አውቶቡስ የሚያህል ተሽከርካሪ ቤት ነው። በሰሜን አሜሪካ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት በእንዲህ ያለ ቤት ለወራት ይጓዛሉ፤ የደረሱበት ከተማ ገበያ የሚወጡባትን ትንሽ መኪና ደግሞ ከኋላ አስረው ይጎትታሉ። ብዙዎች አራቱንም ጎማ መሬት ላይ ትተው በብረት ዘንግ ይስቧታል። ሌሎች የፊት ሁለቱን ጎማዎች ዝቅ ያለ ጋሪ ላይ ያስቀምጣሉ። ከ10 ቶን በላይ የሚመዝን ቤት የሚነዳ ሰው፣ አንድ ቶን ተኩል የምትመዝነው መኪና ጎማዋ ቢፈነዳ አይሰማውም። ጎማው ተቦጫጭቆ ሲያልቅ ቸርኬው አስፋልቱን ይፍቃል፤ ከሰበቃው ሙቀት እሳት ሊነሣ ይችላል። ሾፌሩ የሚነቃው በጎን ያለፈ ሌላ ሰው ጥሩንባ ሲነፋለት ነው።

የተጎታች መኪና ጎማ ሌላም የተሸሸገ ነገር አለበት። ሞተሯ ጠፍቶ ስትጎተት በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይቆጥርም። ቆጣሪው 40 ሺህ ሲል ጎማው ከዚያ በላይ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተንከባልሎ ሊሆን ይችላል፤ በቆጣሪ ጎማ የሚለውጥ ሰው ሒሳቡ ይፋለስበታል። መሪው እንደተቆለፈ ከተረሳ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ኩርባ ላይ መዞር ስለማይችሉ በጎን እየተፋቁ ጥቂት መንገድ ሳይሄዱ ሽቦ ያወጣሉ። በአራት ጎማዋ የምትጎተትን መኪና ወደ ኋላ መግፋትም አይቻልም፤ የፊት ጎማዎቹ በራሳቸው ተጠማዝዘው መሬቱን ይቧጥጣሉ። ጋሪ የሚጠቀም ሰው የጋሪውን ጎማዎች ማየት አለበት፤ ትንንሽ ስለሆኑ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከትልቁ ጎማ ብዙ ጊዜ ይዞራሉ፣ ቶሎም ይግላሉ።

ጠንቃቆቹ በተጎታቿ አራት ቫልቮች ላይ የንፋስ መለኪያ ይገጥማሉ። መለኪያው የእያንዳንዱን ጎማ ንፋስና ሙቀት በሬዲዮ ሞገድ ወደ ጎታቹ ሾፌር ፊት ይልካል። የመኪናዋ የራሷ ማስጠንቀቂያ መብራት ለዚህ አይረዳም፤ ቢበራ እንኳ የሚበራው ሰው በሌለበት መኪና ውስጥ ነው።

ቤይሩት ውስጥ ሞተርሆም አይታይም። ገመድ ግን በየቀኑ ይታያል፤ የጭነት መኪና ጠርቶ ማሳፈር ገንዘብ ይጠይቃልና። በ2021 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የነዳጅ ድጎማው ሲነሣና ሰልፉ ሲረዝም፣ ነዳጅ የጨረሰ መኪና ሰው እየገፋውም ሌላ መኪና እየጎተተውም ወደ ማደያው ይጠጋ ነበር። ገመዱ አጭር ነው፤ ለምሳሌ የብሪታኒያ ሕግ በሚጎተትና በሚጎትት መኪና መካከል ያለው ርቀት ከ4.5 ሜትር እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ ከ1.5 ሜትር ካለፈ ደግሞ ገመዱ በግልጽ እንዲታይ ምልክት ይደረግበታል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 4.5 ሜትር የሚጨርሰው ከግማሽ ሰከንድ በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ነው። ኋላ ያለው ሰውዬ ከገመዱ ላይ ዓይኑን ነቅሎ ጎማውን ያዳምጥ ማለት አይቻልም። ስለዚህ መታየት ያለበት ከመነሣት በፊት ነው፤ አራቱም ጎማ፣ የቆመም መኪና ቢሆን። በተለይ የቆመ መኪና! ለወራት ሳይንቀሳቀስ የኖረ መኪና ንፋሱ ቀስ እያለ ወጥቶ፣ ጎማው በአንድ በኩል ተጨፍልቆ ነው የሚገኘው። አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው መጎተት የለባቸውም፤ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይት የሚረጨው ፓምፕ ስለሚቆም ካምቢዮው ደርቆ ይቃጠላል።

ብረት ይዞ የሚዞረው ረዳት

እኛ አገር የዚያን የሬዲዮ መለኪያ ሥራ ሰው ይሠራዋል። ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የሚመላለስ ባለ ተሳቢ መኪና አዋሽ ወይም ሚሌ ላይ ሲቆም፣ ረዳቱ ውኃ ከመጠጣቱ በፊት ብረት ወይም ዱላ ይዞ ይወርዳል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታ መኪናውን ይዞራል፤ ከፊት ጀምሮ እስከ ተሳቢው ጭራ። ንፋስ የሞላው ጎማ ብረቱን አንጥሮ ይመልሳል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። የተነፈሰው ደነዝ ድምፅ ይሰጣል።

ይህ ልማድ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ከባድ መኪና የኋላ ጎማዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ውስጠኛው ቢተነፍስ ከውጭ ለሚያየው ምንም አይታይም፤ ውጭኛው ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞ ያቆመዋል። ያ ጎማ የሁለቱን ጭነት ይዞ የአፋርን በረሃ ሲያቋርጥ ይግላል፤ ከዚያ ይፈነዳል፤ አንዳንዴም በእሳት ይያያዛል። ሾፌሩ ከፊት ካቢና ተቀምጦ፣ በሞተሩ ጩኸት መሃል፣ ከተሳቢው መጨረሻ የሚመጣ ድምፅ አይሰማም። የረዳቱ ብረት ግን ውስጠኛውንም ያገኘዋል።

ለረዳቶች ያለኝ አክብሮት ከዚህ ይነሣል። በደመወዝ የመጨረሻው፣ በስም የማይጠራው ሰው ነው፤ የተሳቢው ደኅንነት ግን በእሱ ጆሮ ላይ ነው። በእርግጥ ብረቱ ሁሉንም አይናገርም። ሙሉ በሙሉ የተነፈሰውን ከሞላው ይለያል እንጂ አሥር ወይም አሥራ አምስት ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) የጎደለውን አይለይም። ለእሱ መለኪያ ያስፈልጋል፤ በጣም ርካሽ ከሆኑት የመኪና መሣሪያዎች አንዱ ይኸው መለኪያ ነው።

የጎደለው ከተነፈሰው የሚብሰውም እዚህ ላይ ነው። የተነፈሰ ጎማ ይታያል፤ የጎደለ ጎማ እየሠራ ይሞታል።

ጎማ የሚሞተው በሙቀት ነው። መሬት የነካው ክፍል ይጨፈለቃል፣ ከመሬት ሲነሣ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚሄድ የቤት መኪና እያንዳንዱ የጎማ ክፍል ይህን በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይደጋግመዋል። ሽቦ ሲያጥፉትና ሲዘረጉት እጥፋቱ ላይ እንደሚግል ሁሉ ጎማም በዚሁ መታጠፍ ይግላል። ንፋሱ በልክ ከሆነ መታጠፉ ትንሽ ነው፤ ነፋሻው አየርም ያበርደዋል። ንፋሱ ሲጎድል ጎኑ በጥልቀት ይታጠፋል፤ ሙቀቱ ከሚወጣው በላይ ይገባል፤ ላስቲኩን ከሽቦው ጋር ያያያዘው ነገር ይለቃል። ከዚያ በኋላ ጥርሱ ያለበት ክፍል በሙሉ እንደ ቆዳ ተገሽልጦ ይወጣል። በየአውራ ጎዳናው ዳር ወድቆ የሚታየው ረጅም የላስቲክ ቁራጭ እሱ ነው።

በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ሰብስቦ ለመተካት ተገደደ። በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ ተገጥመው ጥርሳቸው እየተገሸለጠ መኪናውን ይገለብጡ ነበር፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ከዚህ ጋር ያያያዘው የሞት ቁጥር 271 ደርሷል። ፎርድ ለምቾትና ላለመገልበጥ ሲል ይመክር የነበረው የንፋስ ልክ 26 ፒኤስአይ ነበር፤ ጎማ ሠሪው 30 ይሻል ነበር አለ። ሁለቱ ኩባንያዎች ጥፋቱን እየተወራወሩ አንድ ምዕት ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ወዳጅነታቸው ፈረሰ። እኛ ለምንኖርበት የዓለም ክፍል ትምህርት የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አሜሪካውያን ሳይነገራቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1999፣ ፎርድ በሳዑዲ ዓረቢያና በጎረቤቶቿ እነዚያኑ ጎማዎች ሲለውጥ ነበር። ሙቀቱ በበረታበት ቀድሞ ታይቷል።

ከዚያ አደጋ በኋላ የወጣው ሕግ ነው፣ ከመስከረም 2007 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ ቀላል መኪና ሁሉ የጎማ ንፋስ ሲጎድል የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖረው ያደረገው። አውሮፓ በ2014 ለአዲስ መኪኖች ሁሉ ተከተለች። ቤይሩት ጎዳና ላይ በሰርቪስ (በጋራ) ታክሲነት የሚያገለግሉት አሮጌ መርሰዲሶች ከዚህ ሕግ በፊት የተሠሩ ናቸው። መብራት የላቸውም።

ስለ ንፋስ አንድ ነገር ደጋግሞ ይሳታል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ልክ ነው እንጂ መሞላት ያለበት አይደለም። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ የፊቱና የኋላው፣ ባዶና ጭነት ሲኖር ተለይቶ ተጽፏል። የሚለካውም ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት ነው። በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ወደ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ተጉዞ የጋለ ጎማ ለክቶ “በዛ” ብሎ የሚያስተነፍስ ሾፌር፣ ሲበርድ የጎደለ ጎማ ይዞ ያድራል።

ባቡሩ በጥርስ የወጣው ተራራ

በማር ሚካኤል አሮጌ የባቡር ጣቢያ አለ። ቤይሩትን ከደማስቆ ያገናኘው መስመር በ1895 ተከፈተ፤ የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት እስኪያቆመው ድረስ ሎኮሞቲቮች ከዚህ ወደ ተራራው ይነሡ ነበር። ዳገቱ ከባድ ስለሆነ መሐንዲሶቹ በተራራው ላይ ከሁለቱ ሐዲዶች መካከል ጥርስ ያለው ሌላ ሐዲድ ዘረጉ፤ ባቡሩ በጥርስ እየነከሰ ይወጣ፣ በጥርስ እየተያዘ ይወርድ ነበር። ዛሬ ያንኑ ተራራ፣ ከባሕር ጠለል እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የዳህር አል-ባይዳር መሻገሪያ፣ ሰዉ በጎማ ነው የሚያልፈው። ክረምት ላይ በረዶ ይወርድበታል፣ ጭጋግ ይዘጋዋል። 350 ኪሎ የሚጫነው አንድ የቤት መኪና ጎማ መሬት የሚነካው በ160 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ በሆነ ቦታ ብቻ ነው። ቁልቁለቱን የሚይዘው እሱ ነው።

የሊባኖስ መንገዶች ጎማ ይበላሉ። ከ2019ኙ የገንዘብ ቀውስ በኋላ መንግሥት መብራት ማብራት አቃተው፤ የቤይሩት የትራፊክ መብራቶች ጠፉ፣ አውራ ጎዳናዎች ጨለሙ። የጉድጓድ ክዳኖች ብረታቸው እየተሸጠ ተሰረቁ። በጨለማ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ላይ የወረደ ጎማ ሳይቀደድ ቢወጣ እንኳ በውስጡ ክሩ ተበጥሶ ይሆናል፤ ከቀናት በኋላ ጎኑ ላይ እብጠት ይወጣል። ያበጠ ጎማ አይጠገንም፤ መጣል ብቻ ነው ያለው። ነሐሴ 4 ቀን 2020 ከወደቡ የተነሣው ፍንዳታ ማር ሚካኤልን ሲያፈርስ ጎዳናው በመስታወት ስብርባሪ ተሸፈነ፤ በፍንዳታው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ የውጭ አገር ሠራተኞችም ከመካከላቸው ነበሩ። አምቡላንስ ሳይቀር በመስታወት ላይ ነበር የሚነዳው።

ገንዘቡ ደግሞ አለ። እስከ 2019 አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ተኩል ይመነዘር ነበር፤ ዛሬ 89,500 ሊራ ነው። ጎማ ከውጭ ይመጣል፣ ዋጋው ዶላር ነው። በቀውሱ ወራት የአንድ ወታደር የወር ደመወዝ ከ100 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ሰው ያገለገለ ጎማ ገዝቶ ቢያስገጥም አልፈርድበትም። የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው፤ ሰዉ “ሜካኒክ” የሚለው የግዴታ ዓመታዊ ምርመራ በ2022 ተቋረጠ፣ ማዕከሎቹም ለረጅም ጊዜ ተዘጉ። ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ዘመናዊ የትራፊክ ሕግ ያላት አገር ጎማ የሚያይ ሰው አጣች። ሾፌሩ ገንዘብ የለውም፣ መንግሥት ዓይን የለውም። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ የሚሳፈርበትን ጎማ ካላየ ማንም አያይለትም።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል የእኛ እህት አለች። መኪና የላትም፣ ከዶራ አደባባይ ቫን ትይዛለች፣ ወይም ቀይ ታርጋ ያለው ሰርቪስ ውስጥ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ትጠጋጋለች። ከቀጣሪዎቿ ቤት ወጥታ በግሏ የምትሠራዋ በቀን ሁለትና ሦስት ቤት ለመድረስ ከከተማ ጫፍ እስከ ጫፍ ትመላለሳለች። በሊባኖስ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲጻፍ ስለ ቀጣሪ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ደመወዝ ይጻፋል፤ ተገቢ ነው። የምትመላለስበት መኪና ግን አይነሣም።

አራቱ አኃዞች

መስከረም 10 ቀን 2012 በእንግሊዝ አገር ከሙዚቃ ዝግጅት ወጣቶች ይዞ የሚመለስ አውቶቡስ ሰሪ በተባለው ግዛት ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ። ሾፌሩና ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ። ምክንያቱ የፊት ጎማ መፈንዳት ነበር። ጎማው ሲታይ ጥርሱ አላለቀም፤ በጊዜው ሕግ መሠረት እንከን የለበትም። ዕድሜው ግን 19 ዓመት አልፎት ነበር። ከሟቾቹ አንዱ 18 ዓመቱ ነው፤ የገደለው ጎማ ከእሱ በፊት ተወልዷል።

የልጁ እናት ፍራንሲስ ሞሎይ ዝም አላለችም። ለዓመታት በር እያንኳኳች ተከራከረች። ከየካቲት 1 ቀን 2021 ጀምሮ በብሪታኒያ ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በከባድ መኪናና በአውቶቡስ የፊት አክስል ላይ፣ በሚኒባስ ደግሞ በነጠላ በተገጠመ ጎማ ሁሉ ላይ ታገደ።

ጎማ ሳይሠራም ያረጃል። ኦክስጅን ከውስጥም ከውጭም ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ኦዞን ገጹን ይሰነጥቀዋል፣ ፀሐይና ሙቀት ያፋጥኑታል። ጎማ ሠሪዎች ላስቲኩ ውስጥ የሚጨምሩት መከላከያ ሰም ወደ ገጽ የሚወጣው ጎማው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ቆሞ የሚውል መኪና፣ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ቅያሪ ጎማ፣ በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚነዳ ሞተርሆም ስለዚህ ጥርሳቸው ሙሉ ሆኖ ያረጃሉ። ብዙ መኪና ሠሪዎች በ6 ዓመት ይለወጥ ይላሉ፤ ሚሽላን ምንም ቢመስል ከ10 ዓመት አይለፍ ይላል።

ዕድሜው ጎማው ላይ ተጽፏል። ጎኑ ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ረጅም ተከታታይ ቁጥርና ፊደል አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ናቸው ቁም ነገሩ፤ የፊት ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የኋላ ሁለቱ ዓመት ነው። 3519 ካለ በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ወዲያው መውረድ ነው። አራቱ አኃዞች ያሉት በአብዛኛው በአንዱ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ ከውጭ ካልታዩ ወደ ውስጥ ዞረው ተገጥመዋል ማለት ነው።

ያገለገለ ጎማ ለሚገዛ ይህ ቁጥር ከጥርሱ ይቀድማል። አሮጌ ጎማ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ አዲስ ሊመስል ይችላል፤ አራቱ አኃዞች ግን አብረው አዲስ አይሆኑም። ቀጥሎ ጎኑን መለጠጥ ነው፤ ደቃቅ ስንጥቅ ካለ ሲለጠጥ አፉን ይከፍታል። ከቸርኬ የወረደ ከሆነ እጅ አስገብቶ ውስጡን መዳሰስ፤ ሳይተነፍስ የተነዳ ጎማ ልስልስ ነው፣ ተነፍሶ የተነዳው የላስቲክ ብናኝና ሻካራ ቀለበት ይኖረዋል። ጥርሱ መሃል ለመሃል ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ እስከ እነሱ ካለቀ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ በአውሮፓ ሕግ የመጨረሻው ልክ። ከረጅሙ የቤይሩት በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ ወራት የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ አስፋልቱን ያንሸራትታል፤ ጥርስ የሌለው ጎማ ያን ጊዜ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል።

ቫን ለሚጠብቅ ሰው ይህን ሁሉ ማየት አይቻልም። ሾፌሩ “ያላ” (እንሂድ) እያለ ነው። ከበሩ ፊት ያለውን አንድ ጎማ ግን ለማየት ሰከንድ ይበቃል፤ ሽቦ የወጣበት፣ ያበጠ ወይም የተላጨ ከሆነ ሌላ ቫን ይመጣል። ጉልበት ያለን በኪራይ ጊዜ ነው። በዓል ሲደርስ ሴቶቹ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ሐሪሳ እመቤታችን ወይም ወደ ተራራው ገዳማት አውቶቡስ ይከራያሉ። መንገዱ ከጁኒየ ባሕር ዳር ተነሥቶ በጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል፤ ሲመለሱ ፍሬን የሚግልበት፣ ጎማ የሚፈተንበት ቁልቁለት ነው። ገንዘብ የምትሰበስበው እህት ከባለ አውቶቡሱ ጋር ስለ ዋጋ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ሙዚቃ ማጫወቻው ሳይቀር ትደራደራለች። አንድ ነገር ይጨመርላት፤ ቀብዱን ከመክፈሏ በፊት የስድስቱን ጎማ አራት አራት አኃዝ በስልኩ አንሥቶ በዋትስአፕ ይላክላት። ከኋላ ጥንድ ያሉት ውስጠኛ ጎማዎች አስቸጋሪ ናቸው፤ ባለ አውቶቡሱ የስልኩን መብራት አብርቶ ከሥር መግባት ይኖርበታል። አራቱን ልኮ ሁለቱን ከዘለለ የዘለላቸው እነሱን ነውና፣ የእነሱ ፎቶ እስኪመጣ ገንዘቡ እጇ ላይ ይቆይ።